ግቢ ገብቶ በጊዜ መመረቅ፦ ከመጀመሪያው ሳምንት እስከ ክሊራንስ

ግቢ በገባሁ በአምስተኛው ወር ስሜን ከዋርኒንግ፣ ማለትም ውጤታቸው ዝቅ ብሎ ማስጠንቀቂያ ከተሰጣቸው ተማሪዎች ዝርዝር ውስጥ አየሁት። ዝርዝሩ ሬጅስትራር (የተማሪ መዝገብ የሚይዘው ቢሮ) በር ላይ ተለጥፎ ነበር። ሃይስኩል ሳለሁ ከክፍል አንደኛ ወይ ሁለተኛ ነበርኩ። ስለዚህ መጀመሪያ የመሰለኝ ስህተት ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ለማንም አልተናገርኩም። እናቴ ስትደውል "ትምህርት እንዴት ነው?" ትለኛለች። "አሪፍ ነው እማ" እላታለሁ። ማታ ግን እንቅልፍ የለም።

ያወጣኝ የዶርማችን ሲኒየር ነው። ፊቴን አይቶ ጠረጠረ። አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠኝና ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣ። "ስንት ክሬዲት ወስደህ ስንት አመጣህ?" አለኝ። ቁጭ ብሎ አሰላልኝ። የቀረኝ ርቀት ሌሊት ሌሊት ሳስበው ከነበረው በጣም ያነሰ ሆነ። በሚቀጥለው ሴሚስተር ከዋርኒንግ ወጣሁ፤ ከባቾቼም ጋር ተመረቅሁ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ልጆች ከግቢ ሲወጡ አይቻለሁ። ጭንቅላት አንሷቸው የወጡት በጣም ጥቂት ናቸው። አብዛኞቹ ቁጥራቸውን አያውቁም ነበር። ችግር ሲመጣ ደግሞ ዝም አሉ። ዝምታቸው ነው ያስወጣቸው። ይህን የምጽፈው ዶርም ለሚኖር የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ አስቤ ነው። የግል ኮሌጅ ተማሪም ሆነ ከቤቱ የሚመላለስ ልጅ አብዛኛውን ሊጠቀምበት ይችላል።

ደረጃ 1፦ ቁጥራችሁን እወቁ

ለመመረቅ ጠቅላላ ውጤታችሁ፣ ማለትም ሲጂፒኤያችሁ፣ ቢያንስ 2.00 መሆን አለበት። ብዙ ተማሪ የሚዘነጋው ሌላም አለ፤ የሜጀር (የዋናው ትምህርታችሁ) ኮርሶች ውጤት ለብቻው ተሰልቶ እሱም 2.00 እንዲሞላ ይጠየቃል። በፍሬሽማን (በመጀመሪያው ዓመት የጋራ) ኮርሶች የተሰበሰበ ጥሩ ውጤት የሜጀሩን ጉድለት አይሸፍንም።

በአብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ኤ 4 ነጥብ ነው። ኤ ማይነስ 3.75፣ ቢ ፕላስ 3.5፣ ቢ 3፣ ቢ ማይነስ 2.75፣ ሲ ፕላስ 2.5፣ ሲ 2፣ ሲ ማይነስ 1.75፣ ዲ 1 ይይዛሉ። ኤፍ ዜሮ ነው። የእያንዳንዱን ኮርስ ነጥብ በክሬዲቱ፣ ማለትም ለኮርሱ በተሰጠው ክብደት፣ ታባዛላችሁ። ሁሉንም ደምራችሁ ለጠቅላላው ክሬዲት ታካፍላላችሁ። በቃ፣ ሂሳቡ ይኸው ነው።

አሁን ያ ሲኒየር ያሳየኝን ላሳያችሁ። በመጀመሪያው ሴሚስተር 18 ክሬዲት ወስዳችሁ 1.80 አመጣችሁ እንበል። 18 በ1.80 ሲባዛ 32.4 ነጥብ ነው። በሁለተኛው ሴሚስተርም 18 ክሬዲት ብትወስዱ ጠቅላላው 36 ክሬዲት ይሆናል። 2.00 ላይ ለመድረስ 72 ነጥብ ያስፈልጋል። ከ72 ላይ 32.4 ስትቀንሱ 39.6 ይቀራል። ለ18 ስታካፍሉት 2.20 ነው። ይህ ማለት ባለ 3 ክሬዲት ስድስት ኮርስ ቢሆን፣ ሁለቱ ላይ ቢ ማይነስ ወይም ሦስቱ ላይ ሲ ፕላስ፣ የቀሩት ላይ ሲ ብታመጡ ትወጣላችሁ። ሰው ይህን ያህል አይሸበርበትም።

ግን 1.80 እየያዛችሁ አራት ሴሚስተር ቆያችሁ እንበል። 72 ክሬዲት፣ 129.6 ነጥብ ይዛችኋል። በአምስተኛው ሴሚስተር 2.00 ለመሙላት 180 ነጥብ ያስፈልጋል። የቀረው 50.4 ነው። ለ18 ሲካፈል 2.80። ያውም ከባድ ከባድ ሜጀር ኮርሶች በሚመጡበት ዓመት። ለዚህ ነው የመጀመሪያው ዓመት የሚያሳስበኝ። ቶሎ ከተያዘ ትንሽ ጉድጓድ ነው። ዓመት ከተኛችሁበት ገደል ይሆናል።

ሌላም ነገር ከዚሁ ሂሳብ ይወጣል። ባለ 4 ክሬዲት ኮርስ ላይ ከሲ ወደ ቢ ብትወጡ 4 ነጥብ ታገኛላችሁ። ባለ 2 ክሬዲት ኮርስ ላይ ከቢ ወደ ኤ ብትወጡ 2 ነጥብ ብቻ። ሰው ግን የሚቀለውን ኮርስ ነው ደጋግሞ የሚያነበው፤ ደስ ስለሚል። ጊዜያችሁን በክሬዲት መድቡ።

ስንት ላይ ዋርኒንግ እንደሚሰጥ፣ ስንት ላይ ዲስሚሳል (ከትምህርት መባረር) እንደሚመጣ፣ ለማን ሪአድሚሽን (ተመልሶ መግባት) እንደሚፈቀድ የየግቢው ደንብ ይለያያል። ደንቡ የተጻፈበት ሌጅስሌሽን የሚባል ሰነድ አለ። ከሬጅስትራር ወይ ከዲፓርትመንት ጠይቁ። ስለ ግሬድና ስለ ዲስሚሳል የሚያወራውን ክፍል ብቻ አንብቡ፣ በስልካችሁም ፎቶ አንሱት። "ሲኒየሮች እንዲህ ይላሉ" በሚል ወሬ የተሳሳተ ሰው ብዙ ነው። ደንቡ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 2፦ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሴሚስተሩን አንድ ወረቀት ላይ አስፍሩት

መምህሩ ኮርስ አውትላይን ሲሰጥ አብዛኛው ሰው አጥፎ ሎከር ውስጥ ይከተዋል። አውትላይኑ ግን ምን ያህሉ ከኩዊዝ፣ ምን ያህሉ ከአሳይመንት፣ ምን ያህሉ ከሚድ፣ ምን ያህሉ ከፋይናል እንደሚመጣ ይነግራችኋል።

አንድ ትልቅ ወረቀት ውሰዱ። ወደ ታች 16 ሳምንት ጻፉ። ወደ ጎን ኮርሶቹን ደርድሩ። የኩዊዙን፣ የአሳይመንቱንና የሚዱን ጊዜ በየሳጥኑ ሙሉ። ቀኑ ካልታወቀ በግምት በእርሳስ ጻፉ። ከዚያ አልጋችሁ አጠገብ ግድግዳው ላይ ለጥፉት። ወዲያው የሚታያችሁ ነገር አለ፤ ሦስት ሚድ አንድ ሳምንት ላይ ይገጥማል። ያን ሳምንት ከወር በፊት ማወቅና በዋዜማው ማወቅ በጣም የተለያየ ነገር ነው።

አድ እና ድሮፕ የሚደረግባቸው፣ ማለትም ኮርስ የሚጨመርባቸውና የሚቀነስባቸው፣ ቀናትም እዚሁ ሳምንታት ላይ ናቸው። ጥቂት ቀናት ብቻ ናቸው፤ ካለፉ አለፉ። በተለይ ኤፍ ያለባችሁ ኮርስ በዚህ ሴሚስተር እየተሰጠ ከሆነ ቀድማችሁ አስመዝግቡት። አብዛኛው ኮርስ በዓመት አንዴ ነው የሚሰጠው። ለሌላ ኮርስ ቅድመ ሁኔታ የሆነ ኮርስ ከወደቃችሁ ደግሞ ተከታዩንም ያስቆምባችኋል። አንድ ኤፍ አንድ ሙሉ ዓመት የሚያስከፍለው እንዲህ ነው። ካለባችሁ ኮርስ ሁሉ ለቅድመ ሁኔታዎቹ ቅድሚያ ስጡ።

የሬጅስትሬሽን ስሊፓችሁን አትጣሉ። አንድ ጊዜ የተማርኩት ኮርስ ላይ ግሬዴ ሳይገባ ቀረ። ተፈትኛለሁ፣ መምህሩም አስታውሶኛል። ቢሮው ግን "ስምህ ዝርዝሩ ላይ የለም" አለኝ። ስሊፑ በእጄ ባይኖር ኮርሱን እደግመው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለያንዳንዱ ሴሚስተር ስሊፕ፣ ግሬድ ሪፖርትና የተመለሰ ፈተና የማስቀምጥበት አንድ ክላሰር ያዝኩ። አርባ ብር የማይሞላ ክላሰር ነው ዓመት ያተረፈልኝ። ግሬድ ላይ ቅሬታ ካላችሁም ማቅረቢያው ቀን አጭር ነው። ውጤት ሲወጣ ያኔውኑ እዩት፣ ያኔውኑ ጠይቁ።

ደረጃ 3፦ የማንበቢያ ቦታና ሰዓት ያዙ

ዶርም ለመኝታ ነው። ስድስት ሰው በሚኖርበት ክፍል አንዱ ሙዚቃ ይከፍታል፣ አንዱ ይደውላል፣ አንዱ ልብስ ያጥባል። ማንም ጥፋተኛ አይደለም፤ ቤታቸው ነው። ስለዚህ ከዶርም ውጡ። ላይብረሪ፣ ባዶ ክፍል፣ የዛፍ ጥላ፣ የቤተ ክርስቲያን ወይ የመስጊድ ግቢ፤ የሚመቻችሁን ምረጡ። ዋናው ሁልጊዜ አንድ ቦታ መሆኑ ነው። ሁለት ሳምንት ከለመዳችሁት እዚያ ስትቀመጡ አእምሯችሁ ራሱ ወደ ሥራ ይገባል።

ሰዓቱም እንደዚያው። እኔ ያዋጣኝ ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ ቁርስ ያለው ጊዜ ነው። ማታ ከእራት በኋላ ስልክም ጨዋታም ይበዛል። ንጋት ላይ ማንም አይፈልጋችሁም። አንዳንዱ ሰው ደግሞ ከምሳ በኋላ ይሻለዋል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ የቀን ብርሃንን የሚንቅ ተማሪ ይጎዳል። ከባዱን ኮርስ በብርሃን፣ ቀላሉን ለማታ አድርጉት።

ስለ ስልክ ረጅም ምክር መስጠት አልፈልግም፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የሠራልኝን ብቻ ልንገራችሁ። ማንበቢያ ቦታ ስሄድ ስልኬን ዶርም ቆልፌበት እሄዳለሁ። ድምፁን ማጥፋት አይበቃም፣ ኪስ ውስጥ ካለ ይወጣል። ሃንድአውቱ ቴሌግራም ላይ ነው የሚል ምክንያት አለ፤ እውነትም ነው። እንግዲያውስ የሚነበበውን ሠላሳ ገጽ አሳትሙት፣ ወይም ፋይሉን አውርዳችሁ ዳታውን ዝጉ። የክፍል ማስታወቂያ እንዳያመልጣችሁ ከሰጋችሁ ለክፍል ተወካዩ ንገሩት፤ የሚያስቸኩል ነገር ሲኖር የት እንደምትገኙ ይወቅ።

ቁጭ ብላችሁ ሐሳባችሁ የሚበተን ከሆነ በትንሹ ጀምሩ። 25 ደቂቃ አንብቡ፣ 5 ደቂቃ ተነስታችሁ ተራመዱ። አራቴ ስትደግሙት ረዘም ያለ ዕረፍት ውሰዱ። በዚህ አካሄድ ሁለት ሰዓት ሙሉ ማንበብ፣ ስድስት ሰዓት መጽሐፍ ፊት ተቀምጦ ከመዋል ይበልጣል።

ለፈተና ሌሊት ጫት የምትይዙ ልጆች ይህን ስሙኝ። ምርቃናው ሁሉም ነገር የገባችሁ ያስመስላል። ጠዋት ፈተናው ላይ ስትቀመጡ ግን እንቅልፍ ያጣ ጭንቅላት ያነበበውን አይመልስም። የተነበበው የሚቀመጠው በእንቅልፍ ነው። በእርግጥም የምወደው አንድ ልጅ በዚህ መንገድ ነው የባከነው። መጀመሪያ ለሚድ ብቻ ነበር፣ ከዚያ ለኩዊዝ፣ ከዚያ በየቀኑ ሆነ።

ደረጃ 4፦ ሳታዩ ድገሙት

ሃይስኩል ላይ ያበላን ሸምድዶ መግባት ነበር። ግቢ ውስጥ መቶ ሃምሳ ስላይድ በሁለት ቀን አይሸመደድም። ብዙው ሰው ሃንድአውቱን ሦስቴ አራቴ ያነበንባል፤ በሃይላይተር ገጹን ቢጫ ያደርገዋል። ሲያነበው የሚያውቀው ይመስለዋል። ፈተናው ላይ ግን ወረቀቱ ነጭ ነው፣ የሚያስታውሰው ሃንድአውት የለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ርዕስ አንዴ በደንብ አንብቡ። ዝጉት። በባዶ ወረቀት ላይ ያስታወሳችሁትን ሁሉ ጻፉ። ከዚያ ክፈቱና የጎደለውን በሌላ ቀለም ሙሉ። በሌላ ቀለም የተጻፈው ነው የነገ ጥናታችሁ። በማግስቱ፣ ከዚያ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከዚያ ከሳምንት በኋላ ድገሙት። ሁለተኛው ድግግሞሽ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። የቆሎ ተማሪ የትናንቱን ሳያይ ለመምህሩ ካልመለሰ የዛሬው አይሰጠውም። መድረሳ ውስጥም ቁርኣን የሚሐፍዝ ልጅ የትናንቱን በቃሉ ለኡስታዙ ሳያሰማ ወደ ቀጣዩ አያልፍም። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎችም በ2006 እ.ኤ.አ. ተማሪዎች ላይ ሞክረውታል። ደጋግመው ያነበቡት ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ በለጡ። ከሳምንት በኋላ ሲጠየቁ ግን ሳያዩ ለማስታወስ የሞከሩት በለጡ። ፈተናችሁ ከሳምንት በኋላ ነው።

እንግሊዝኛው ብዙ ሰው የሚደብቀው ቁስል ነው። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ ሲነገረው የሚገባው ልጅ ጥያቄው በእንግሊዝኛ ሲመጣ ይጠፋዋል። ማፈር የለበትም፣ ግን መሥራት አለበት። ለየኮርሱ ትንሽ ደብተር ያዙ። ደጋግመው የሚመጡትን ቃላት ጻፉ፤ ፍቺያቸውን በራሳችሁ ቋንቋ አስቀምጡ። ለአንድ ኮርስ ስልሳ ሰባ ቃል ያህል ከያዛችሁ ሃንድአውቱ ይከፈትላችኋል። ጽንሰ ሐሳቡን መጀመሪያ በአፍ መፍቻ ቋንቋችሁ ለጓደኛ አስረዱ። ከዚያ ያንኑ በሦስት አጫጭር የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገሮች ጻፉት። ፈተና ላይ የምትጽፉትም ያንኑ ነው።

የሂሳብና የፊዚክስ ዓይነት ኮርስ ግን በንባብ አይገባም። መፍትሔውን ሸፍናችሁ ራሳችሁ ሥሩት። ሲያቅታችሁ አንድ መስመር ብቻ ግለጡ፣ እንደገና ሞክሩ። የድሮ ፈተና ማግኘት ጥሩ ነው። መልሱን መሸምደድ ግን አትሞክሩ፤ ቁጥሩ ሲቀየር ትጠፋላችሁ።

ደረጃ 5፦ ከማን ጋር ታነባላችሁ?

ሦስት ሰው በቂ ነው። አምስት ከሆነ ጨዋታ ይሆናል። እያንዳንዱ አንድ ምዕራፍ ይዞ ይምጣና ለሌሎቹ ያስተምር። ሰቃይ (በጣም ጎበዝ) ተማሪ ብቻውን እያስረዳ ሌላው የሚያዳምጥበት ቡድን ሰቃዩን ብቻ ነው የሚጠቅመው። ግሩፕ አሳይመንት ላይ ስማችሁን ብቻ የምታስገቡ ከሆነም ፋይናል ላይ ትከፍሉበታላችሁ።

ደረጃ 6፦ ያልፈለጋችሁት ዲፓርትመንት ሲደርሳችሁ

ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ አዲስ ገቢ ተማሪ የፍሬሽማን ኮርሶችን ወስዶ ነው ዲፓርትመንት የሚገባው። የፍሬሽማን ውጤት ከዋና ዋና መመደቢያዎቹ አንዱ ነው። "ሎጂክና ጂኦግራፊ ለምን ይጠቅመኛል?" ብሎ የተኛ ልጅ ምርጫው ላይ ሲደርስ ይቆጨዋል። ፍሬሽማን ላይ ያላችሁ ይህን አሁኑኑ ያዙልኝ።

ከተመደባችሁ በኋላ ግን ሌላ ጨዋታ ነው። አምስተኛ ምርጫው የደረሰው ልጅ ብዙ ጊዜ አንድ ሴሚስተር በኩርፊያ ያሳልፋል። ክፍል አይገባም። ውጤቱ ይወርዳል። ከዚያ ለመቀየር ቢፈልግ እንኳ ውጤቱ አይፈቅድለትም። ስለዚህ የመቀየር ሐሳብ ካላችሁ በትክክለኛው ቀን ማመልከቻ አስገቡ፣ እየጠበቃችሁም ክፍል ግቡ። አልሆነም? እንግዲያውስ ከዲፓርትመንቱ የተመረቁ ሦስት ሰዎች ፈልጋችሁ ምን እየሠሩ እንደሆነ ጠይቁ። ብዙዎቹ ከትምህርቱ አንድ ክፍል ብቻ ወስደው በእሱ ነው የሚኖሩት። ከጎን ደግሞ የምትወዱትን ነገር በአጭር ኮርስ መማር ይቻላል። ዲግሪ የያዘ ሰው ነገ መስክ ይቀይራል። ተቆጥቶ ያቋረጠ ግን ከ12ኛ ክፍል ውጤቱ ጋር ይቀራል።

ደረጃ 7፦ ችግር ሲመጣ በወረቀት ተናገሩ

ይህ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ደረጃ ነው።

ሁለት ልጆች አውቃለሁ፤ ስማቸው ይቆይ። ሁለቱም ሦስተኛ ዓመት ነበሩ። የሁለቱም አባት በአንድ ሴሚስተር ታመመባቸው። አንደኛው ሌሊት ላይ ሻንጣውን ይዞ ወጣ። ለማንም አልተናገረም። "ተመልሼ አስረዳለሁ" ብሎ አስቦ ነበር። ሁለት ወር ቆይቶ ሲመለስ ፋይናል አልፏል። ስድስት ኮርስ ላይ ኤፍ ተሰጥቶታል። ዲስሚስ ሆነ። ሁለተኛዋ ከመሄዷ በፊት ግማሽ ቀን ብቻ ወሰደች። ዲፓርትመንት ሄደች፣ የዊዝድሮዋል (ትምህርትን በፈቃድ የማቋረጥ) ፎርም ሞላች፣ አስፈረመች፣ ሬጅስትራር አስገባች፣ ኮፒውን ይዛ ሄደች። በሚቀጥለው ዓመት ሪአድሚሽን ጠይቃ ካቆመችበት ቀጠለች። ውጤቷ ላይ አንድም ኤፍ የለም። ልዩነታቸው ግማሽ ቀንና አንድ ወረቀት ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ያዙ። መጀመሪያ ለአድቫይዘራችሁ ወይ ለዲፓርትመንት ኃላፊው ተናገሩ። በቃል ብቻ አይበቃም፣ በደብዳቤ ጻፉ። ከታመማችሁ የግቢው ክሊኒክ ወይም የታከማችሁበት ሆስፒታል ማስረጃ ያዙ፤ ቀኑና ማህተሙ መኖሩን እዩ። ፈተና ካመለጣችሁ ሜክአፕ (ማካካሻ ፈተና) የሚጠየቀው በቀናት ውስጥ ነው፣ ሴሚስተሩ ካለቀ በኋላ አይደለም። ሴሚስተሩን መጨረስ እንደማትችሉ ካወቃችሁ ዊዝድሮዋል ሙሉ። እሱም የጊዜ ገደብ አለው። መሄድ የማትችሉ ከሆነ የምታምኑትን ጓደኛ ደብዳቤ አስይዛችሁ ላኩ። የምትሰጡትን ወረቀት ሁሉ ኮፒ አስቀሩ፣ ገቢ ያደረገው ሰውም ይፈርምበት።

ችግሩ አካላዊ ሕመም ላይሆን ይችላል። ቅዠት፣ ከአልጋ መነሳት አለመቻል፣ ምግብ አለማሰኘት ሳምንታት ከቆየ እሱም ሕመም ነው። ብዙ ግቢ ውስጥ የምክር አገልግሎት የሚሰጥ ቢሮ አለ። ሴት ተማሪዎችን የሚያግዝ የሥርዓተ ፆታ ቢሮም አለ፤ ከምክር ሌላ ቱቶሪያልና ለተቸገሩት ድጋፍ የሚያመቻችበት ጊዜ አለ። ሄዶ መጠየቅ ምንም አያሳፍርም። አካል ጉዳት ያለበት ተማሪም ለፈተና ተጨማሪ ሰዓት ወይም አንባቢ እንዲመደብለት ሴሚስተሩ ሲጀመር ይጠይቅ፣ ፈተናው ዕለት አይደለም።

ለቤተሰብም ተናገሩ። ይህን የምለው ራሴ ስላጠፋሁ ነው። ለእናቴ ዘግይቼ ስነግራት አልተቆጣችም። "ለምን ብቻህን ተሸከምከው?" ነው ያለችኝ። ያን ማታ ከዋርኒንጉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ።

ዲስሚሳል ከደረሰባችሁም ነገሩ አላለቀም። ወረቀቱ ላይ ሪአድሚሽን ይፈቀድ እንደሆነ የሚገልጽ ነገር አለ። የሚፈቀድ ከሆነ መቼ እንደምታመለክቱ ጠይቃችሁ ቀኑን ጻፉ። ቤት በምትቆዩበት ጊዜ የወደቃችሁባቸውን ኮርሶች ሃንድአውት ይዛችሁ ሂዱ።

ደረጃ 8፦ ገንዘብ

ከቤት የተላከው ሲደርስ መጀመሪያ የፎቶ ኮፒውን፣ የሳሙናውንና የመመለሻ ትራንስፖርቱን ለዩ። ቀሪውን ለአራት ሳምንት አካፍሉ። ኖን ካፌ ለመሆን፣ ማለትም የግቢውን ካፌ ትታችሁ በብር ለመብላት፣ የምታስቡ ልጆች ብሩ የሚበቃችሁ መሆኑን ከመወሰናችሁ በፊት ለአንድ ወር በወረቀት አስሉት። የተራበ ሰው አያነብም። ሥራ ከያዛችሁ ደግሞ የፈተና ሳምንታትን ከአሠሪው ጋር አስቀድማችሁ ተስማሙ። የወጪ መጋራት ውል ስትፈርሙ ኮፒውን ክላሰሩ ውስጥ አኑሩት፤ ከተመረቃችሁ በኋላ ይፈለጋል።

ደረጃ 9፦ ለኤግዚት ኤግዛም ከሦስተኛ ዓመት ጀምሩ

የሕግ ተማሪዎች የመውጫ ፈተና መፈተን ከጀመሩ ቆይተዋል። ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርቶች የተደረገው ግን በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። የመንግሥትም የግልም ተማሪ ይፈተናል። ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ኮርሱን ሁሉ ጨርሶ ይህን ያላለፈ ዲግሪ አይሰጠውም። በመጀመሪያው ዓመት ከተፈተኑት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አላለፉም። 

ፈተናው የሚወጣባቸው ኮርሶች ለየዲፓርትመንቱ ተለይተው ይታወቃሉ። ዝርዝሩንና ብሉ ፕሪንቱን (የፈተናውን ይዘት የሚያሳየውን ሰነድ) ከዲፓርትመንት ውሰዱ። ዝርዝሩ ላይ ያለ ኮርስ በተማራችሁ ቁጥር፣ ሴሚስተሩ ሲያልቅ አምስት ስድስት ገጽ ማጠቃለያ በእጃችሁ ጻፉ። ያኔ ትኩስ ነው፣ ሁለት ቀን አይፈጅም። ጂሲ (ተመራቂ) ስትሆኑ በእጃችሁ የራሳችሁ መጽሐፍ ይኖራል። ሌላው ሰው ያኔ የሁለተኛ ዓመት ሃንድአውት ፍለጋ ላይ ነው።

ፈተናው ምርጫ ጥያቄ ነው፣ በኮምፒውተር ነው የሚሰጠው። ኮምፒውተር ብዙ ያልነካችሁ ልጆች ሞዴል ፈተናውን አትዝለሉት። ለውጤት ብቻ አይደለም። የይለፍ ቃል ማስገባትን፣ ወደ ኋላ ተመልሶ መልስ ማስተካከልን፣ ሰዓቱን ማየትን እዚያ ትለምዱታላችሁ። ሞዴሉ ሲያልቅ የተሳሳታችሁትን በኮርስ ከፋፍሉ። ከሁለት ኮርስ ብቻ ብዙ ስህተት ከመጣ የቀረው ሳምንት ለእነሱ ነው።

ሲኒየር ፕሮጀክቱንና የጥናት ጽሑፉን ከዚህ ጋር አታጋጩ። አድቫይዘራችሁን በየሁለት ሳምንቱ ግኙት፤ አንድ ገጽም ቢሆን ይዛችሁ ግቡ። ባዶ እጁን መሄድ ያፈረ ተማሪ ሁለት ወር ይጠፋል፣ ከዚያ መመለስ የበለጠ ያስፈራዋል።

ካላለፋችሁ ድጋሚ ትፈተናላችሁ። ከመሄዳችሁ በፊት መቼና የት እንደምትመዘገቡ ጠይቁ። ማጠቃለያችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

ደረጃ 10፦ ክሊራንስ

የመጨረሻውን ሳምንት ለዚህ ተዉት። ከላይብረሪ የወሰዳችሁት መጽሐፍ፣ የዶርም ቁልፍ፣ ፍራሽ፣ የላብራቶሪ ዕቃ፤ ሁሉም ቢሮ ይፈርማል። የጠፋ ነገር ካለ ቀድማችሁ ተኩ፤ በመጨረሻው ቀን ሰልፉ ረጅም ነው። ከመመረቃችሁ አንድ ሴሚስተር በፊት ደግሞ ሬጅስትራር ሄዳችሁ የቀረ ኮርስ ወይም ያልገባ ግሬድ እንዳለ አስፈትሹ። በሁለተኛ ዓመት የተረሳ አንድ ኮርስ በምርቃት ሳምንት ተገኝቶበት ያለቀሰ ልጅ አይቻለሁ።

ቴምፖራሪውን (ጊዜያዊ የምረቃ ማስረጃውን) ስትቀበሉ ከመስኮቱ ፊት አትነሱ። ስማችሁን፣ የአባታችሁንና የአያታችሁን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል በፊደል አንብቡት። ከ12ኛ ክፍል ካርዳችሁ፣ ከመታወቂያችሁና ፓስፖርት ካላችሁ ከፓስፖርቱ ጋር አስተያዩት። አንድ ፊደል ከተለየ እዚያው ቆማችሁ እንዲያስተካክሉላችሁ ጠይቁ።